ያልተመለሱት መኪኖች

(ሰኔ መግቢያ፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፤ ከቀይ አፈር ከተማ መውጫ ግራር ሥር ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ለመንገድ ደረጃ ምደባ መኪና ልትቆጥር ከአዲስ አበባ የመጣችው ኢንጂነር ትርሲትና ይህን መንገድ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲጠግኑ የኖሩት የጥገና ሠራተኞች አለቃ፣ ካፖ እንድሪስ።)

ትርሲት፦ ጋሽ እንድሪስ፣ ይሄ አረንጓዴ አይሱዙ ግን ወዴት ነው የሚሄደው?

እንድሪስ፦ የትኛው?

ትርሲት፦ አሁን አቧራ ያለበሰን ነዋ!

እንድሪስ፦ እሱማ ወደ ወንዙ ነው። መንገዱ ሌላ ወዴት ይወስዳል ብለሽ ነው?

ትርሲት፦ ጠዋትም ወደ ወንዙ ሄዷል። ረፋድ ላይም ሄዷል። ምሳ ስንበላም ሄዷል።

እንድሪስ፦ ሾፌሩ ሰይድ የሥራ ሰው ነው። መቀመጥ አይወድም።

ትርሲት፦ ሲመለስ ግን አንዴ እንኳ አላየሁትም።

እንድሪስ፦ ሻይ ስትጠጪ አልፎ ይሆናል።

ትርሲት፦ ስምንት ጊዜ ሻይ አልጠጣሁም።

እንድሪስ፦ እንግዲያ ሌላ አይሱዙ ነዋ። አይሱዙ ሁሉ ይመሳሰላል፤ ፋብሪካው አንድ ነው።

ትርሲት፦ ሁሉም ላይ አንዲት ነጭ ፍየል ተጭናለች?

እንድሪስ፦ ነጭ ፍየል በዚህ አገር ሞልቷል።

ትርሲት፦ አንድ ቀንዷ የተሰበረ? ጋሽ እንድሪስ፣ እኔና ፍየሏ እኮ ተዋውቀናል። አምስተኛው ዙር ላይ ዞር ብላ አየችኝ። ስድስተኛው ላይ እንደ ጎረቤት ሰላም አለችኝ። አሁን ደግሞ "ኧረ በሞቴ አስወርጂኝ" እያለች ነው ያለፈችው።

እንድሪስ፦ አይ ሰይድ! ፍየሏን ተዋት ብዬው ነበር።

ትርሲት፦ ምን አሉ?

እንድሪስ፦ ምንም። ፀሐዩ ከረረ ነው ያልኩት። ወደ ጥላው ጠጋ በይ።

ትርሲት፦ ጥላ ውስጥ ነኝ። ይልቅ ወረቀቱን ይዩልኝ። በዚህ በኩል የምጽፈው ወደ ወንዙ የሄደውን ነው፤ በዚህ በኩል ከወንዙ የተመለሰውን። ቅዳሜ አምስት መኪና ሄደ። ትናንት አራት። ዛሬ ስንት እንደሄደ ያውቃሉ? ስልሳ አራት።

እንድሪስ፦ ማሻ አላህ! እንዴት ያለ መንገድ ነው በይ።

ትርሲት፦ የተመለሰው ሦስት ነው።

እንድሪስ፦ ስንት?

ትርሲት፦ ሦስት። በዚህ ወረቀት መሠረት ስልሳ አንድ መኪና ከነሾፌሩ፣ ከነፍየሉ፣ ጥቁር ውኃ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ይሄን ይዤ አዲስ አበባ ብገባ መሥሪያ ቤቱ የሚልክላችሁ ግሬደር አይደለም፤ ዋናተኛ ነው።

እንድሪስ፦ እኔ እኮ ብጠየቅ ኖሮ "በሄዳችሁበት ተመለሱ" እላቸው ነበር! ከጠዋት ጀምሮ አጠገብሽ አስቀምጠሽኝ በምን ልንገራቸው?

ትርሲት፦ ያዝኩዎት!

እንድሪስ፦ ያዝሽኝ። በቃ፣ ምን ይደረግ፣ ያዝሽኝ።

ትርሲት፦ በየት ነው የሚመለሱት?

እንድሪስ፦ በመስጊዱ ጀርባ፣ በሐጂ ሙሄ ማሳ ዳር። ዞር ብለሽ ብታዪ አቧራው ይታያል።

ትርሲት፦ እኔ ደግሞ አውድማ ላይ እህል እየተበራየ መስሎኝ!

እንድሪስ፦ በሰኔ ምን አውድማ አለ ልጄ? ስዊድን ሄዶ መማር ወቅቱንም አስረስቶሻል።

ትርሲት፦ ስዊድንን ተዉዋት። በዋናው መንገድ ያልተመለሱት ለምንድን ነው?

እንድሪስ፦ እነዚያው መሆናቸውን እንዳታውቂ ነዋ። ቄስ ሞላ ናቸው ያሰቡት። "ሰው ስትሄድም ስትመጣም ካየህ መልክህን ይይዘዋል" አሉ። ጉባኤው ሁሉ "ልክ ነው!" አለ። ያ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ "የሄደ መኪና መመለስ የለበትም ወይ?" ያለ አንድ ሰው ጠፋ።

ትርሲት፦ ጉባኤም ነበረው?

እንድሪስ፦ ትናንት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ደቦ ነው እኮ።

ትርሲት፦ የምን ደቦ?

እንድሪስ፦ የመኪና ደቦ። ለአጨዳ ሰው ማጭዱን ይዞ ይመጣ የለም? መኪና ያለው መኪናውን ይዞ ይውጣ ተባለ። የዕድሩ ሚኒባስ፣ የሐጂ ሙሄ ላንድክሩዘር፣ ሁለት አባዱላ፣ የወፍጮ ቤቱ ፒክአፕ፣ የሰይድ አይሱዙ፤ ሁለት ደግሞ ከማዶ ሰፈር። ስምንት መኪና፣ ስምንት ስምንት ዙር። መኪና የሌለው ነዳጅ ገዛ። ነዳጅ መግዛት ያልቻለ ሸራ አመጣ፤ አንዴ አልብሰው አንዴ ገፈው መልኩን እንዲቀይሩበት።

ትርሲት፦ ሸራ ያጣውስ?

እንድሪስ፦ ፍየል አመጣ።

ትርሲት፦ ስምንት ጊዜ ስምንት ስልሳ አራት። እንግዲያ ዛሬ ከልቡ ወደ ወንዙ የሄደ አንድም መኪና የለም ማለት ነዋ!

እንድሪስ፦ ሰኞ እኮ ነው። ሰኞ ማን ይሄዳል?

ትርሲት፦ የተመለሱት ሦስቱስ?

እንድሪስ፦ እነሱ እውነተኞች ናቸው። ቅዳሜ የሄዱ ናቸው፤ ደቦውንም አልሰሙ።

ትርሲት፦ ለመሆኑ ቄሱም ሼሁም ባሉበት ጉባኤ ይሄ ማታለል ነው ያለ የለም?

እንድሪስ፦ እንዴታ! ሼህ ዑመር "እኔ ውሸት ውስጥ የለሁበትም" ብለው ተነሡ። ቄስ ሞላም "በሐሰት መመስከር ነው" አሉ። ሁለቱ ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ተከራከሩና ተስማሙ። ማንም አፉን ከፍቶ አይዋሽ፤ ዝም ብሎ ይንዳ። የተጠየቀ ግን እውነቱን ይናገር።

ትርሲት፦ እርስዎ ግን ተጠይቀው ዋሹኝ።

እንድሪስ፦ አይሱዙ ሁሉ ይመሳሰላል አልኩሽ። ይሄ ውሸት ነው?

ትርሲት፦ ወይ ጋሽ እንድሪስ! በስዊድን ቢሆን ኖሮ እርስዎ ጠበቃ ነበሩ።

እንድሪስ፦ እዚያ አገር መኪና የሚቆጥረው ማነው? እንዳንቺ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ?

ትርሲት፦ ሰው አይቆጥርም። መንገዱ ላይ ቀጭን የጎማ ቱቦ ይዘረጋል፤ መኪና በረገጠው ቁጥር ራሱ ይመዘግባል።

እንድሪስ፦ እዚህ ብትዘረጊው እስከ ምሳ አይቆይም። የአህያ ጭነት ይታሰርበታል።

ትርሲት፦ ቢቆይ ደግሞ ፍየሏን አያያትም ነበር።

እንድሪስ፦ ውይ! ታዲያ እሱን ይዘሽ ብትመጪ ምን ነበረበት? ስልሳ አራት ብሎ መዝግቦ አርፎ ይቀመጥ ነበር።

ትርሲት፦ አሁን የምሬን ልጠይቅዎት። ለምን? ይሄ ሁሉ ሩጫ ለአንድ ወረቀት?

እንድሪስ፦ አንቺ ነሽ የምታውቂው። ስትመጪ ለከተማው አስተዳዳሪ ያልሽውን ድገሚልኝ እስቲ።

ትርሲት፦ ያልኩት ግልጽ ነው። የአገሩ መንገድ ሁሉ ደረጃ አለው። ከላይ ዋናው አውራ መንገድ ነው፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ድንበር የሚደርሰው። ቀጥሎ ትልልቆቹን ከተሞች እርስ በርስ የሚያገናኘው። ከዚያ ወደ ዞኑ ከተሞች የሚያደርሰው፤ ከዚያ ትንንሾቹን የሚሰበስበው። መጨረሻ ላይ መጋቢ የሚባለው፣ ገበያውን ከሌላው መንገድ ጋር የሚያገናኘው። የእናንተ መጋቢ ነው።

እንድሪስ፦ እንደ ሠርግ ቤት በይኛ! ሽማግሌው ከሙሽራው አጠገብ፣ አማቹ ቀጥሎ፣ ጎረቤቱ መሀል፣ እኛ በሩ ሥር። በሩ ሥር የሚቀመጠው ግን እንጨቱን የፈለጠው፣ በሬውን የጎተተው ሰው ነው።

ትርሲት፦ እሺ፣ እንደ ሠርግ ቤት።

እንድሪስ፦ በእኔ ዘመን ይሄ መንገድ ሦስት ጊዜ ስሙ ተቀይሯል። በተቀየረ ቁጥር "ምልክቱን ቀለም ቀባ" ይሉኛል፤ እቀባለሁ። ጉድጓዱ ግን ያው ነው። እኔ ጉድጓዶቹን በስም ነው የማውቃቸው። አሁንስ ምን ልትሉት ነው?

ትርሲት፦ ቆጠራው ከበዛ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። ከፍ ካለ ድልድዩ በዕቅድ ውስጥ ይገባል። ካነሰ ከዝርዝሩ ይወጣና ለወረዳው ይሰጣል።

እንድሪስ፦ የኛ ወረዳ አንድ ፒክአፕ አለው፤ ሁለቱ ጎማዎች ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል። ድልድዩን በምኑ ሊሠራ? መልሱ ይሄው ነው ልጄ። ከተማው የፈለገው ስም አይደለም። ድልድዩን ነው።

ትርሲት፦ ድልድዩን ትናንት ሄጄ አይቼዋለሁ። የወዲህኛው እግሩ ተበልቷል። አንድ ክረምት ቢችል ነው።

እንድሪስ፦ አንድ ክረምት አልሽ? አንቺ ደግ ነሽ።

ትርሲት፦ ግን ይረዱኝ። ቅዳሜ አምስት፣ ትናንት አራት፣ ዛሬ እውነተኛው የተመለሱት ሦስቱ ብቻ። ይሄን ይዤ ደረጃው ከፍ ይበል ብዬ እንዴት እጽፋለሁ? በቀን አራት መኪና ለሚሄድበት መንገድ ማን ድልድይ ይሠራል?

እንድሪስ፦ ድልድይ ለሌለው መንገድ ማን መኪና ይነዳል?

ትርሲት፦ ይሄን መምህሮቼ በሰሙ!

እንድሪስ፦ ለምን?

ትርሲት፦ ጽሑፍ ነበረኝ፣ የመመረቂያ። "ቁጥር አይሳሳትም" ብዬ ነው የጀመርኩት። ከተመለስኩ ስምንት ወሬ ነው፤ በየሄድኩበት ያንን ዓረፍተ ነገር የሚያሳፍረኝ ሰው አላጣም። ዛሬ ደግሞ ፍየል ተጨመረችበት።

እንድሪስ፦ አትፈሪ፣ ፍየሏ አታጋልጥሽም።

ትርሲት፦ እሺ ይንገሩኝ። ድልድዩ እንዲህ ከሆነ ሰዉ እንዴት ነው የሚሻገረው? ማሾው፣ ማሽላው፣ ጨው፣ ቆርቆሮው?

እንድሪስ፦ በጀርባ ነዋ! መኪናው ከወዲህ ይቆማል፣ ጭነቱ ይራገፋል፣ ሰው ተሸክሞ በድልድዩ ይሻገራል፣ ከወዲያ ሌላ መኪና ይቀበላል። የግድ መኪናው መሻገር ካለበት ባዶውን፣ አንድ በአንድ፣ እኔ ቀይ ባንዲራ ይዤ ቆሜ። ባንዲራውን ካወረድኩ ያልፋል፤ ካላወረድኩ የለም።

ትርሲት፦ እኔ ሦስት ቀን ሙሉ እዚህ ስቀመጥ ይሄን ለምን አላየሁም?

እንድሪስ፦ ማክሰኞን ሳትጨምሪ ነዋ የመጣሽው። ገበያው ነገ ነው።

ትርሲት፦ አለቃዬ ናቸው ያስወጡት። "የገበያ ቀን ቁጥሩን ያጋንነዋል" አሉ።

እንድሪስ፦ ይሄ መንገድ የተሠራው ለማክሰኞ ነው። ማክሰኞን ትተሽ መቁጠር ሙሽሮቹ ከሄዱ በኋላ መጥቶ "ሠርግ የለም" እንደማለት ነው።

ትርሲት፦ ነገ ድልድዩ ላይ ባንዲራውን ይዘው ይቆማሉ?

እንድሪስ፦ አልቆምም።

ትርሲት፦ ምነው?

እንድሪስ፦ ዘንድሮ ባንዲራ አልይዝም። ለአስተዳዳሪውም ነግሬያለሁ። ጉድጓድ ሙላ ቢሉኝ እሞላለሁ፤ ቦይ ጥረግ ቢሉኝ እጠርጋለሁ። ባንዲራውን ሌላ ሰው ይያዝ።

ትርሲት፦ ሌላ የሚይዝ አለ?

እንድሪስ፦ የለም። ለዚህ ነው ከተማው የተጨነቀው። ክረምቱ ገባ፣ ባንዲራ የሚይዝ ጠፋ፣ አንቺ መጣሽ። ስልሳ አራቱ መኪና ከዚህ ነው የተነሣው።

ትርሲት፦ ምን ሆነው ነው እምቢ ያሉት?

እንድሪስ፦ ጣሳ አለኝ።

ትርሲት፦ የምን ጣሳ?

እንድሪስ፦ የሞተር ዘይት ጣሳ። የመንገድ ካምፓችን ልማድ እንዲህ ነው፤ እኔን ያስተማሩኝ ካፖም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ጠዋት ድልድዩ ላይ ስቆም ጣሳውን አጠገቤ አስቀምጣለሁ። አንድ ሰው ወደዚያ ሲሻገር አንድ ጠጠር እጥላለሁ። ሲመለስ አንድ አወጣለሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጣሳው ባዶ ከሆነ ሁሉም ገብቷል፤ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ጠጠር ከቀረ አልሄድም። ያ ሰው ማነው? አማቹ ቤት አድሮ ነው? ታሞ ነው? እስኪነግሩኝ እቆያለሁ።

ትርሲት፦ ሰው ሲሄድም ሲመለስም ይቆጥራሉ!

እንድሪስ፦ ታዲያ ሄዶ ያልተመለሰን ነገር ምን ብለሽ ትቆጥሪዋለሽ? እነዚህ የደቦ ሰዎች ይሄን ነው ሳያማክሩኝ ያበላሹት።

ትርሲት፦ ስንት ጠጠር ይገባል? በገበያ ቀን?

እንድሪስ፦ ጣሳው ይሞላል። አንዳንዴ ኮፍያዬን እጨምራለሁ። ሦስት መቶም አራት መቶም ይሆናል። እህል ለሚሸከመው ነው ይሄ፤ ልጅ ያዘለችውን፣ በቃሬዛ የሚሄደውን ለብቻ ነው የምይዘው፤ ለእነሱ ነጭ ጠጠር።

ትርሲት፦ አራት መቶ! ወይኔ። የኔ ቅጽ ላይ ያለው "አውቶሞቢል፣ ሚኒባስ፣ አውቶቡስ፣ አነስተኛ ጭነት፣ ከባድ ጭነት፣ ተሳቢ" ነው።

እንድሪስ፦ የሰው ጀርባ የትኛው ውስጥ ይገባል?

ትርሲት፦ የትም። ግን አልነገሩኝም፤ ባንዲራውን ለምን ተዉት?

እንድሪስ፦ አምና ሐምሌ፣ ማክሰኞ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ሰይድ ባዶ አይሱዙውን ይዞ መጣ፣ "ጋሼ፣ ልለፍ?" አለኝ። ውኃውን አየሁ፣ ሳንቃውን አየሁ፣ ባንዲራውን አወረድኩ። መሀል ሲደርስ የኋላ ጎማው ሳንቃውን ሰብሮ ገባ። ሰይድ ዘሎ ወጣ፤ እግሩ ተሰበረ። አሁንም ሲሄድ ያነክሳል፤ አላየሽውም፣ ከመኪናው አይወርድማ። መኪናውንም ሰው ተረባርቦ አወጣው።

ትርሲት፦ እግዚአብሔር ይመስገን በሉኝ።

እንድሪስ፦ ከኋላው በእግሯ የምትከተል ነበረች። ዘምዘም፣ ጨው ነጋዴ። ጠዋት ሄዳ ስትመለስ ነው። መኪናው ይለፍና እለፊ ብዬ አልነገርኳትም። ሳንቃው ሲሄድ አብራ ሄደች።

ትርሲት፦ ጋሼ...

እንድሪስ፦ ያን ዕለት ጣሳው ውስጥ አንድ ጠጠር ቀረ። አሁንም አለ። የት እንደምጥለው አላወቅሁም። የማወጣውማ እሷ ስትመለስ ነው።

ትርሲት፦ ይሄን ታሪክ አንብቤዋለሁ።

እንድሪስ፦ የት?

ትርሲት፦ ከመምጣቴ በፊት ፋይሉን አገላብጬ ነበር። የአምና ሐምሌ ሪፖርት አንድ መስመር ናት። "አንድ ሳንቃ ተሰብሯል፤ ተተክቷል።" በቃ። ይሄን አንብቤ "ጥሩ፣ ቶሎ ተክተውታል" አልኩ። እውነት፣ እንደዚያ ነው ያልኩት።

እንድሪስ፦ ሳንቃውን የተካሁት እኔ ነኝ። የሳንቃ ቦታ ነበረው ወረቀቱ፤ የሰው ቦታ አልነበረውም። ጸሐፊው ቢጠይቀኝ ምን እለዋለሁ? ሞልቶ ላከው።

ትርሲት፦ ሰይድ ያውቃል? ያን ጠጠር?

እንድሪስ፦ ያውቃል። ዛሬ ስምንት ዙር ለምን የዞረ ይመስልሻል? ሌሎቹ ሰባት ሰባት ብለው ሊተዉ ነበር። ስምንት ያደረገው እሱ ነው።

ትርሲት፦ እስቲ አግዳሚው ላይ ልቁም፤ ስልኬ ከዚህ በታች አይሠራም።

እንድሪስ፦ ቀስ በይ፣ አንድ እግሩ ወላቃ ነው። ለማን ልትደውዪ ነው?

ትርሲት፦ አልደውልም። ለአለቃዬ ለአቶ ሲራክ መልእክት ልልክ ነው። ሲደወልላቸው ስብሰባ ላይ ናቸው።

እንድሪስ፦ ምን ልትያቸው?

ትርሲት፦ ይስሙ። "የቀይ አፈር የዛሬው የሄደ መኪና ቆጠራ አይሠራም፤ ሰርዤዋለሁ።"

እንድሪስ፦ ወይ ጉድ! የደቦውን ነገር ልትነግሪያቸው ነው?

ትርሲት፦ ይታገሡኛ። "ምክንያቱን ስመጣ አስረዳለሁ። መኪናው ያነሰው ድልድዩ ስለማይችል ነው፤ ጭነቱ የሚያልፈው በሰው ጀርባ ነው። ነገ የገበያ ቀን ነው። ከግራሩ ተነሥቼ ድልድዩ ላይ ልቁጠር፣ ቅጹ ላይ አንድ ዓምድ ልጨምር፣ ይፈቀድልኝ።" እንዴት ነው?

እንድሪስ፦ "ይፈቀድልኝ" የሚለው መጨረሻ ላይ መሆኑ ጥሩ ነው። ቶሎ አያገኙትም።

ትርሲት፦ ላክሁት።

እንድሪስ፦ መለሱ?

ትርሲት፦ አሁን እኮ ነው የላክሁት!

እንድሪስ፦ እሺ፣ እንጠብቅ። ያ ሰማይ ግን አይጠብቅም፤ ከላይ በኩል ጠቁሯል።

ትርሲት፦ አይተውታል። ሁለቱ ምልክት ወጣ።

እንድሪስ፦ ታዲያ?

ትርሲት፦ እየጻፉ ነው ይላል።

እንድሪስ፦ አሁንስ?

ትርሲት፦ ተዉት። መጻፉን አቆሙ።

እንድሪስ፦ አሰቡበት ይሆናል።

ትርሲት፦ አሁን ጭራሽ ወጡ። ጋሽ እንድሪስ፣ እኚህ ሰው የሚያስፈርም ነገር ሲሸታቸው እንዲህ ናቸው። በስምንት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ጥያቄ ልኬላቸዋለሁ። አሥራ አንዱንም አይተዋል። ከአንዱ በስተቀር መልስ አላየሁም።

እንድሪስ፦ አንዱስ ምን ነበር?

ትርሲት፦ "እንኳን አደረሰዎ" ብዬ ነበር።

እንድሪስ፦ እንግዲያ ለዚህኛው አይመልሱም።

ትርሲት፦ አይመልሱም።

እንድሪስ፦ ይከለክሉሽ ይሆን?

ትርሲት፦ ለመከልከልም እኮ መጻፍ አለባቸው።

እንድሪስ፦ ልጄ፣ ስሚኝ። አንቺ ገና ሥራ ከጀመርሽ ስምንት ወርሽ ነው። በዚህ ነገር እንጀራሽን አታጪ። ስልሳ አራቱንም ጣይው፣ ሦስቱን ጻፊና ሂጂ። እኛ እንደኖርን እንኖራለን። አንቺን አንቀየምም፤ ፍየሏ እንኳ አትቀየምሽም።

ትርሲት፦ ሦስቱንም እጽፋለሁ። አራቱንም፣ አምስቱንም፣ በቦታቸው። ከሥራቸው ደግሞ የነገውን።

እንድሪስ፦ ማየት ነው እንጂ... ቆይ፣ ያ ማነው? ከወንዙ በኩል የሚመጣው?

ትርሲት፦ አረንጓዴ ነው።

እንድሪስ፦ አይሱዙው ነው! በዋናው መንገድ እየተመለሰ ነው። ይሄ ሞኝ፣ እዚህ ቁጭ ብላ እያየችው!

ትርሲት፦ ፍየሏስ?

እንድሪስ፦ ጋቢና ውስጥ ናት። መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች። አላህ ያሳይሽ፣ እንደ ባለሥልጣን!

ትርሲት፦ እጁን አነሣልን።

እንድሪስ፦ ደክሞት ነው። በማሳው ዳር መዞር ሰልችቶታል።

ትርሲት፦ "ከወንዙ የተመለሰ፣ አይሱዙ፣ አንድ።" ይኸው፣ ጻፍኩለት።

እንድሪስ፦ ስልሳ ቀረሽ።

ትርሲት፦ ስልሳዎቹን ሐጂ ሙሄ ማሳ ውስጥ ይፈልጓቸው። ነገ ስንት ሰዓት ነው ሰው መሻገር የሚጀምረው?

እንድሪስ፦ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጨው ነጋዴዎቹ ይቀድማሉ። ግን እኮ ነገርኩሽ፣ እኔ ባንዲራ...

ትርሲት፦ ባንዲራውን እኔ እይዛለሁ። ለመኪና አላወርደውም፤ ለማንም። ኢንጂነር ነኝ፣ አይችልም ካልኩ አይችልም፤ የሚጠይቅ ካለ እኔን ይጠይቅ። እርስዎ ከአጠገቤ ተቀምጠው ይቆጥሩልኝ፣ እንደ ልማድዎ፣ ሲሄድም ሲመለስም።

እንድሪስ፦ በኔ ጣሳ?

ትርሲት፦ በእርስዎ ጣሳ።

እንድሪስ፦ አለቃሽ ጣሳ ይቀበላሉ?

ትርሲት፦ እስኪመልሱ ድረስ ጣሳው ነው ቅጻችን።

እንድሪስ፦ እንግዲያ ዛሬ አጥቤ፣ ባዶ አድርጌ ላምጣው። ቆጠራ ከባዶ ነው የሚጀመረው።

ትርሲት፦ አያጥቡት ጋሽ እንድሪስ። ያቺን ጠጠር ሳያወጡ ይዘውት ይምጡ፤ የኔ ቆጠራ ከአንድ ነው የሚጀምረው።